ከጫት ገራባ ናኖ ካርበን እንሰራለን ብለን ኮምቦልቻ ላይ የሆነው ሁሉ

ማታ 2 ሰዓት አካባቢ ነው። ላቦራቶሪ (ላብ) ውስጥ ሶስት ሰው ነን፣ መብራቱን አጥፍተን ሱቆች ሀሰተኛ ብር የሚለዩባትን ያቺን ወይን ጠጅ መብራት የላብ ብርጭቆው (ቢከሩ) ላይ ስናበራ ፈሳሹ ቦግ ብሎ ሰማያዊ ሆነ። በቀን ብታየው ቀጠን ያለ ሻይ ነው የሚመስለው፣ ምንም የተለየ ነገር የለውም። ጓደኛዬ "አልሃምዱሊላህ" አለ፣ እኔ ስልኬን አውጥቼ መቅረጽ ጀመርኩ፣ የላብ ቴክኒሻኗ ደግሞ ከኋላችን ቆማ "ቆይ እስቲ፣ ባዶውን ውሃም አብሩበትና እዩት" አለች። አላየንም። ደስ ብሎናል፣ ቪዲዮውን ለመላክ ቸኩለናል። ያን ማታ እሷን ብንሰማት ኖሮ ወደ ሁለት ወር የሚጠጋ ልፋት ይተርፈን ነበር።

ይሄን የምጽፈው ኮምቦልቻ ላይ ከእርሻ ተረፈ ምርት ካርበን ናኖማቴሪያል ለመስራት ስንሞክር የሄድንበትን መንገድ ከነስህተቱ ለማስቀመጥ ነው። ብዙ ተማሪ አሁን በዚ ርዕስ ፕሮፖዛል እየጻፈ ነው፣ ፕሮፖዛሉ ሁሉ ርካሽ፣ አረንጓዴ፣ ከቆሻሻ የተሰራ ይላል፣ እኛም እንደዛው ብለን ነው የጀመርነው፣ ስራው ውስጥ ሲገባ ምን ምን እንደሚመጣ ግን ቁጭ ብሎ የሚነግርህ ሰው የለም።

ናኖ ምናምን ለማታውቁት ባጭሩ ልበል። 1 ናኖሜትር ማለት የ1 ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው፣ የሰው ፀጉር ውፍረቱ ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይሆናል። የካርበን ናኖዎች ታሪክ እንደ ኳስ ከተሰራው ፉለሪን ነው የሚጀምረው፣ እ.ኤ.አ 1985፣ ከዛ 1991 ላይ ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ የናኖቲዩብን (የደቃቅ ካርበን ቱቦ) ነገር ለአለም አሳወቀ፣ 2004 ላይ ማንቸስተር ያሉት ጋይምና ኖቮሴሎቭ ግራፊንን (አንድ አተም ብቻ የሚወፍር የካርበን ንጣፍ) ነጥለው አወጡና 2010 ኖቤል ተሸለሙበት። እኛን የሚመለከተው ግን እዛው 2004 ላይ ሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ የተገኘው ነው፣ ያውም ፈልገውት አይደለም፣ ከጥላሸት ውስጥ ናኖቲዩብ ለይተው እያጸዱ ሳለ የሚያበሩ በጣም ደቃቅ ቅንጣቶች ተገኙ። ኋላ ካርበን ዶት ተባሉ። መጠናቸው ባብዛኛው ከ10 ናኖሜትር በታች ነው። ናኖቲዩብና ግራፊን በደንብ ለመስራት ወደ 1,000 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት፣ ንጹህ ጋዝ፣ ካታሊስት (ምላሹን የሚያፋጥን ነገር) ይፈልጋል፣ ካርበን ዶት ግን የተዘጋ እቃ፣ ውሃና 200 ዲግሪ የሚሰጥ ኦቭን ካለህ መሞከር ትችላለህ። በኛ አቆጣጠር በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ብዙ የላብ እቃ ጠፍቷል፣ ስለዚ ባለን ነገር የሚሰራ ነገር ነው የመረጥነው።

ጥሬ እቃው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ለኔ ትልቁ ትምህርት እዚ ጋ ነው የነበረው።

መጀመሪያ ያሰብነው የማሽላ አገዳ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ስትወርድ ሐርቡ ዙሪያ ያለው ሜዳ ማሽላ ነው፣ ከታጨደ በኋላ አገዳው ማሳ ላይ ተከምሮ ታየዋለህ፣ መኪና ውስጥ ሆኖ ለሚያይ ሰው በቃ የተጣለ ነው የሚመስለው። ፕሮፖዛላችን ላይም "ጥቅም ላይ የማይውል ቆሻሻ" ብለን ጽፈናል፣ ሌላ ጽሁፍ ላይ አይተን። ሐርቡ አጎት አለኝ፣ አያ ነው የምለው፣ አንድ ቅዳሜ ሁለት ማዳበሪያ አገዳ ልሞላ ሄድኩ። ቡና ተፈልቶ እየጠጣን ጉዳዬን ስነግረው ዝም ብሎ ሰምቶኝ ሲጨርስ "አንተ ልጅ፣ ቆሻሻ የምትለው የበሬዬን ቀለብ እኮ ነው" አለኝ። ከዛ ተነስቶ ክምሩ ጋ ወሰደኝ፣ ቅጠሉና ላይኛው ለስላሳው ለከብት፣ ታችኛው ወፍራሙ ለማገዶ፣ ቀጥ ቀጥ ያለው ለአጥር ተለይቷል፣ ጥንቅሹማ ገና እርጥቡን ልጆች ጨርሰውታል፣ ማሳው ላይ የቀረው ጉቶ ደግሞ አፈር ይይዛል። "ላንተ አልከለክልም ውሰድ፣ ግን ሰው ሁሉ እንዳንተ እየመጣ ከወሰደው በጋውን ከብቱ ምን ይብላ?" አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ባዶ ማዳበሪያዬን አጥፌ ተመለስኩ። የጤፍ ጭድም ብንል ያው ነው፣ ከብት ይበላዋል፣ የጭቃ ቤት ይመረግበታል፣ ገበያ ላይ ዋጋ ያለው ነገር ነው። እዚ ሀገር ገበሬ ቤት ውስጥ "ተረፈ" የሚባለው ነገር ባለቤት አለው፣ ወይ ከብቱ ወይ ምድጃው ወይ መሬቱ ራሱ። ሌላ ሀገር በማሽን ታጭዶ ማሳ ላይ የሚቃጠል ገለባ ካለ እሱ ሌላ ነገር ነው፣ የነሱን አረፍተ ነገር ቀድተን ወሎ ላይ ስናስቀምጠው ግን ውሸት ይሆናል። ይሄን ያወቅኩት ከጆርናል ሳይሆን ቡና እየጠጣሁ ነው።

እና ጥያቄውን ቀየርነው፣ እውነት የሚጣለው፣ ማንም የማይፈልገው የቱ ነው? ያኔ ነው ገራባ ትዝ ያለን። ደሴ ላይ ጫት ከዱአውም ከቡናውም ጋር የቆየ ነገር ነው፣ ከሰዓት በኋላ ጫት ተራ ጋ ብትሄድ ገራባው እየተቆለለ ነው፣ ማታ ላይ ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ መውረጃውን ይዘጋል። ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትሸጥ ሴትዮ ጋ ሄደን "እትዬ፣ ይሄን ገራባ ብንወስደው ቅር ይልሽ ይሆን?" ስንላት "ኧረ ውሰዱልኝ ወንድማለም፣ እኔ እኮ ለሚያነሳልኝ ልጅ እየከፈልኩ ነው" አለች። ከአያ በተማርኩት መሰረት ማን ይጠቀምበታል ብዬም ጠየቅኳት፣ ቅጠሉን ለፍየልና ለበግ የሚወስዱ ደንበኞች አሏት፣ የሚጣለው እንጨቱ ነው። እኛም ቅጠሉን ለፍየሎቹ ትተን እንጨቱን ብቻ ወሰድን። ይሄ ውሳኔ ኋላ ላይ በኬሚስትሪውም ጠቅሞናል፣ እመለስበታለሁ።

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፣ ጉም ከጦሳ ሲወርድ እንኳን ገራባ ልብስም አይደርቅም። በሀረጎ አድርገን ወደ ኮምቦልቻ አወረድነው፣ 25 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ነው ግን አየሩ ሌላ ሀገር ነው፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ አስጥተነው በአምስት ቀን ቀጭ የሚል ሆነ። ከማድረቁ በፊት በደንብ አጥበነዋል፣ አቧራው ብቻ አይደለም፣ ጫት ላይ የሚረጭ መድሃኒትም አለ። መፍጨቱ ግን አስቸገረን። ወፍጮ ቤት ወስደን "የሰው እህል በሚፈጭበት ይሄን አንፈጭም" አሉን፣ ልክ ናቸው፣ ልንጠይቃቸውም አይገባም ነበር። በመጨረሻ አሮጌ ሙቀጫ አግኝተን ወቅጠን በወንፊት ነፋነው።

አሁን ወደ ስራው። የተጠቀምነው ዘዴ ሀይድሮተርማል ይባላል። ከውጭ ወፍራም ብረት፣ ከውስጥ ቴፍሎን ያለው 100 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አውቶክሌቭ አለን፣ 3 ግራም ዱቄት በ60 ሚሊ ሊትር ዲስትልድ (ተኖ የተጣራ) ውሃ በጥብጠን ከተን፣ ጥርቅም አድርገን ዘግተን፣ 180 ዲግሪ ኦቭን ውስጥ 10 ሰዓት። አፍ እስከ አፍ አይሞላም፣ ውሃ ሲሞቅ የሚሰፋበት ቦታ ይፈልጋል። እዚ ላይ በጣም የማሳስበው ነገር አለ፣ አንድ ተማሪ "በቤት ፕሬዠር ኩከር ይሆናል ወይ" ብሎ ጠይቆኝ ደንግጫለሁ። በፍጹም እንዳትሞክሩት። የወጥ ቤቱ እቃ 120 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚደርሰው፣ የተሰራውም ለሱ ነው፣ የታሸገ ውሃ 180 ዲግሪ ላይ የሚፈጥረው ግፊት 10 አትሞስፌር ይደርሳል፣ 200 ዲግሪ ላይ ከ15 ያልፋል፣ ይሄ ሰው የሚገድል ጉልበት ነው። ትክክለኛው አውቶክሌቭም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ አይከፈትም፣ እኛ አድረን ጠዋት ነው የምንከፍተው። ቴፍሎኑም ከ220 ዲግሪ በላይ እየሞቀ እንዲሰራ አይመከርም።

ውስጡ የሚሆነው ነገር ይገርማል። እንጨት ማለት ሴሉሎስ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ነው፣ ትኩስ ውሃ መጀመሪያ ደካማውን ሄሚሴሉሎስ ይፈታዋል፣ ስኳር ይሆናል፣ ስኳሩ ውሃ እየጣለ ፉርፉራል የሚባሉ ነገሮች ይሆናል፣ እነሱ ደግሞ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ቀለበት እየሰሩ ወደ ካርበን ይጠጋሉ። ስኳር ድስት ውስጥ ሲያር አይታችሁ ከሆነ፣ ቢጫ፣ ቡኒ፣ ጥቁር እያለ ሲሄድ፣ እሱን በተዘጋ እቃና በውሃ ውስጥ አስቡት። ሂደቱን ቶሎ ካቆምከው ገና ሞለኪውል ነው፣ ብዙ ካቆየኸው ትልልቅ ጥቁር ኳስ ይሆናል፣ ካርበን ዶት የሚባለው በመሀል ነው የሚገኘው። ለዚ ነው የመብራት መጥፋት የሚጎዳን። ሁለተኛው ዙር ላይ ኦቭን ከገባ 6 ሰዓት ሲሞላው መብራት ጠፋ፣ ተመልሶ የመጣው ማታ ነው፣ ኦቭኑን እንደገና አስነስተን የቀረውን 4 ሰዓት ሞላን፣ ወረቀት ላይ ሲደመር 10 ሰዓት ነው። ስንከፍተው ቀለሙ ከመጀመሪያው የጠቆረ ነው፣ ሲቀዘቅዝና እንደገና ሲሞቅ ያለፈበት ጊዜም ይቆጠራል ማለት ነው። ከዛ በኋላ የተቋረጠ ዙር ካለ ከሌላው ጋር አንቀላቅልም፣ ቀንና ሰዓት ጽፈን ለብቻው እናስቀምጠዋለን።

ሲከፈት ሁለት ነገር ታገኛለህ፣ ከታች ቡኒ ጭቃ የመሰለ ደረቅ፣ ከላይ ቢጫ ፈሳሽ። ፈሳሹን አጣርተን ወሰድን፣ ጭቃውን ደፋነው። ስለጭቃው በኋላ።

እንግዲህ ያ ሰማያዊ ብርሃን ከዚ ፈሳሽ የመጣ ነው። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን፣ እኛም ለሳምንታት ሙቀቱን እየቀየርን፣ ሰዓቱን እየቀየርን የቱ በይበልጥ ያበራል የሚለውን ስንፈልግ ከረምን። ቴክኒሻኗ ግን ነገሩን አልተወችውም። አንድ ቀን ከሰዓት መጋረጃውን ዘግታ ጠራችን፣ ጠረጴዛው ላይ ሶስት ቢከር አለ፣ አንዱ የኛ ፈሳሽ፣ አንዱ ዲስትልድ ውሃ፣ ሌላው ጭራሽ ባዶ። መብራቷን አበራች። ሶስቱም ሰማያዊ ናቸው። የኛው ይደምቃል፣ ግን ባዶውም ጠርዙና ቂጡ ላይ ያበራል። "የልብስ ሳሙና ነው" አለች፣ "እቃውን በምን እንደምታጥቡ አይቻለሁ።" የልብስ ሳሙና ዱቄት ውስጥ ነጭ ልብስን ይበልጥ ነጭ የሚያስመስል ቀለም ይጨመርበታል፣ አልትራቫዮሌት ወስዶ ሰማያዊ የሚሰጥ፣ ነጭ ሸሚዝ በዛ መብራት የሚያበራው በሱ ነው። የጓደኛዬ ጋዋን ኮሌታ ራሱ ከቢከሩ እኩል እያበራ ነበር፣ እስከዛን ቀን ልብ ያለው ሰው የለም።

የሁለት ወሩን ዳታ አንድ ላይ ጣልነው። የሚያም ነገር ነው፣ ግን የቱ ቢከር በምን እንደታጠበ ማንም አልጻፈም፣ ስለዚ የትኛው ቁጥር የገራባው እንደሆነ የትኛው የሳሙናው እንደሆነ መለየት አይቻልም። ከዛ እቃውን በሙሉ በቀጭን አሲድና በሙቅ ዲስትልድ ውሃ አጥበን፣ ለብቻው አስቀምጠን እንደ አዲስ ጀመርን፣ ከእያንዳንዱ ዙር ጋር ገራባ የሌለበት ውሃ በዛው አውቶክሌቭ፣ በዛው ሙቀት፣ በዛው ሰዓት እናበስላለን፣ ገራባውን ደግሞ ዝም ብለን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፈን ሳናበስል እናያለን። ውሃው ጨለመ፣ ጥሩ። የተዘፈዘፈው ትንሽ አበራ፣ ይሄ ይጠበቃል፣ ተክል ውስጥ ያሉ ፖሊፌኖሎች ራሳቸው ያበራሉ። የበሰለው ግን ከሁለቱም በደንብ በልጦ አበራ። ያኔ ትንሽ ተነፈስን።

ቀጥሎ የመጣው ከሳሙናውም የባሰ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

ዲያሊሲስ የሚባል ማጣሪያ አለ፣ የኩላሊት ህመምተኛ ከሚያደርገው ጋር መርሁ አንድ ነው። ቀጭን ከረጢት ውስጥ ፈሳሽህን ትጨምራለህ፣ ሁለቱንም ጫፍ ታስራለህ፣ ትልቅ ቢከር ውሃ ውስጥ ትነክረዋለህ፣ ትንንሽ ሞለኪውሎች በከረጢቱ ቀዳዳ ይወጣሉ፣ ተለቅ ያለው ቅንጣት ውስጥ ይቀራል። 1,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ ነው) የሚል ከረጢት ነበረን፣ ጠዋት ነክረነው ምሳ በልተን ተመለስን። መብራቷን ስናበራ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ደብዝዟል፣ በዙሪያው ያለው ውሃ ነው የሚያበራው። ያ ጠዋት ላይ ንጹህ የነበረ ውሃ። ውሃውን ደፍተን ቀየርን፣ ማታም እንደገና አበራ፣ ሲነጋም ትንሽ፣ እንዲህ እያልን ሁለት ቀን ሙሉ ሄድን። በመጨረሻ ውጩ ጨለመ፣ ከረጢቱ ውስጥ የቀረው ብርሃን ግን አይንህ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቀህ ነው የምታየው። የምንኮራበት ድምቀት አብዛኛው ተጠርጎ ሄዷል፣ ማለትም ሲያበራ የነበረው ናኖ ቅንጣት ሳይሆን ተራ ትንንሽ ሞለኪውል ነው።

ጓደኛዬ ያን ማታ ቤቱ ገብቶ ስልኩን አላነሳም። እኔም አልፈረድኩበትም።

ይሄ የገራባ ወይ የኮምቦልቻ ችግር ብቻ አይደለም። በአለም ላይ በጣም ከተጠኑት ካርበን ዶቶች አንዱ ከሲትሪክ አሲድና ከኢቲሊንዳያሚን የሚሰራው ነው፣ በጣም ደማቅ ነው፣ ኋላ ላይ ሲመረመር ግን የብርሃኑ ትልቁ ድርሻ እዛው ውስጥ ከሚፈጠሩ ትንንሽ የሚያበሩ ሞለኪውሎች እንደሚመጣ ታየ። ስለዚ በደንብ ሳያጠሩ "አበራ፣ ስለዚ ካርበን ዶት ነው" ማለት አይቻልም። ቅጠሉን መተዋችን የጠቀመንም እዚ ላይ ነው፣ ለማወዳደር ብለን አንድ ዙር ከቅጠል ሰርተን ነበር፣ ሲታይ ከእንጨቱ በጣም ይደምቃል፣ ዲያሊሲስ ላይ ግን ባዶውን ነው የቀረው ማለት ይቻላል። ቅጠሉን መርጠን ቢሆን ኖሮ በድምቀቱ ተታለን እንቀጥል ነበር።

የቀረችው ደብዛዛ ፈሳሽ ላይ የሚቻለውን አደረግን። የብርሃን ጥንካሬ የሚለካው ከኪኒን ሰልፌት ጋር በማወዳደር ነው፣ የድሮው የወባ መድሃኒት፣ አማርኛችን እንክብሉን ሁሉ ኪኒን የሚለው ከሱ በመጣ ስም ነው፣ በቀጭን ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ከሚወስደው ብርሃን 54 በመቶውን መልሶ እንደሚሰጥ ስለሚታወቅ እንደ ሚዛን ያገለግላል። የኛው ከሱ ጎን ሲቀመጥ በጣም ትንሽ ነው። የምናበራበትን ሞገድ ስንቀይር የሚወጣው ቀለም ይቀየራል፣ ካርበን ዶት ላይ የሚታይ ባህሪ ነው፣ ግን የተለያዩ ሞለኪውሎች ድብልቅም እንደዛ ስለሚያደርግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የብረት ጨው ስንጨምር ደበዘዘ፣ ብረቱ ራሱ ያንን ብርሃን ስለሚመጥ እሱንም ብረት የሚለይ ሴንሰር ነው ብለን አልጻፍንም። ደረቁን ሳምፕል ለኤክስአርዲ (በኤክስሬይ የአተሞችን አደራደር የሚያሳይ ምርመራ) ላክነው፣ የመጣው ግራፍ ሹል ጫፍ የለውም፣ ከ20 ዲግሪ (የማዕዘን እንጂ የሙቀት አይደለም) ትንሽ ከፍ ብሎ ሰፊ ጉብታ ብቻ ነው፣ ግራፋይት ቢሆን 26.5 አካባቢ ሹል ሆኖ ይቆም ነበር። ያልተደራጀ ካርበን ማለት ነው።

እዚ ጋ ክርክር ተነሳ። ስራውን ከሚከታተሉት አንዱ፣ በእድሜም በትምህርትም የሚበልጡን ሰው፣ "ርዕሱን ግራፊን ኳንተም ዶት በሉት፣ ቶሎ ይታተማል" አሉን። አክብረን ሰማናቸው። ግን ግራፊን ለማለት የተደረደረ የካርበን ንብርብር ማሳየት አለብህ፣ ናኖ ለማለት ደግሞ በቲኢኤም፣ ማለትም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ፣ ቅንጣቱን አይተህ መጠኑን መለካት አለብህ፣ እኛ ሁለቱንም አላደረግንም። "ጋሼ፣ ይሄን ብለን ብንጽፍ ነገ ሌላ ተማሪ አምኖን ይሄንኑ ሊደግም አንድ አመቱን ያጠፋል" አልኳቸው። ለጊዜው ደስ አላላቸውም። ሪፖርቱ ላይ የጻፍነው "ከጫት እንጨት የተገኘ ደካማ ብርሃን ያለው ካርበናማ ቅንጣት" ነው፣ ጉልበት የለውም ርዕሱ፣ ግን እያንዳንዱን ቃል ቆሜ እከራከርለታለሁ። አረንጓዴ የሚለውንም አወጣነው፣ 10 ሰዓት ኦቭን፣ ሁለት ቀን ሙሉ የሚቀያየር ዲስትልድ ውሃ፣ መጨረሻ ላይ የሚገኘው ደግሞ የማንኪያ ጫፍ የማይሸፍን ዱቄት ነው፣ ጥሬ እቃው ከቦይ ስለተነሳ ብቻ አረንጓዴ አይባልም።

አሁን ወደ ደፋነው ጭቃ። የከተትነው ገራባ አብዛኛው ክብደቱ ያለው እዛ ውስጥ ነው፣ እኛ ግን ለወራት ስንደፋው ነበር። ቴክኒሻኗ ናት አሁንም "ይሄስ ካርበን አይደል እንዴ" ያለችው። በፎስፎሪክ አሲድ ዘፍዝፈን 500 ዲግሪ ላይ ለማክሰል ወሰንን፣ እንዲህ ሲደረግ እንጨቱ ውስጥ በጣም ደቃቅ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፣ አክቲቬትድ ካርበን የሚባለው እሱ ነው። ችግሩ ናይትሮጅን ጋዝ የለንም፣ አየር ካገኘ ደግሞ አመድ ነው የሚሆነው። ከሰል የሚያከስል ሰው ምን ያደርጋል፣ እንጨቱን አፈር ያለብሰዋል አይደል? ያንኑ አደረግን፣ ሳምፕሉን ክዳን ባላት ትንሽ ክሩሲብል (እሳት የሚችል የላብ ስኒ) አድርገን፣ ክሩሲብሏን ሸክላ ድስት ውስጥ በከሰል ዱቄት ቀብረን፣ የድስቱን ክዳን በጭቃ መረግን፣ ሾልኮ የሚገባ አየር ካለ መጀመሪያ ከሰሉ ይበላዋል። የመጀመሪያው ድስት ጭቃው ሳይደርቅ ስላስገባነው ተሰነጠቀ፣ ሁለተኛውን አንድ ቀን አድርቀነው ምንም አልሆነም። ሲከፈት ጥቁር፣ ቀላል፣ ጣት ላይ ሐር የሚመስል ዱቄት ነው። አሲዱ እስኪለቅ ብዙ ጊዜ ታጠበ።

ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ሰማያዊ ቀለም ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨምረን ስናማስል በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውሃው ጠራ። በአይን የሚታይ፣ ዱቄት ካልተጨመረበት ቢከር ጋር ጎን ለጎን የተቀመጠ፣ ሳሙና የሌለበት። እና ነገሩን ሳስበው ናኖው ያለው እዚ ነው ለካ፣ ቅንጣቱ ትልቅ ነው፣ ቀዳዳው ነው ትንሹ፣ የዚ አይነት ካርበን ውስጥ ከ2 ናኖሜትር በታች የሆኑ ቀዳዳዎች ሞልተዋል፣ ጥሩ አክቲቬትድ ካርበን 1 ግራሙ ብቻ ውስጡ ቢዘረጋ ከ1,000 ካሬ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ብዙ ቤት የሚሰራበት መሬት ነው። የኛው ስንት እንደሆነ በመሳሪያ ስላልተለካ ቁጥር አልሰጠነውም።

በዚ ተደስተን ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ የሚሰራባት ከተማ አይደለች እንዴ፣ እውነተኛ የማቅለሚያ ውሃ ላይ እንሞክረው አልን። ቤቱ ክር የሚያቀልም ሰው ጋ ሄደን አንድ ጀሪካን ቀይ ውሃ ለመንነው፣ ሰጠን። ዱቄቱን ጨምረን ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት፣ አደረ። ቀይ ነው። ትንሽ ፈዘዘ እንጂ ቀይ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ ወሰደብን፣ ሜቲሊን ብሉ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቀለም ነው፣ በአሲድ የተሰራ ካርበን ደግሞ ላዩ ኔጋቲቭ ስለሚሆን ይሳሳባሉ፣ ጥጥ የሚቀለምባቸው ሪአክቲቭ የሚባሉት ቀለሞች ግን ራሳቸው ኔጋቲቭ ናቸው፣ ካርበኑ ይገፋቸዋል። በዛ ላይ የማቅለሚያ ውሃ ጨውና ሶዳ አለበት። ስንቱ ጽሁፍ ነው በሜቲሊን ብሉ ሞክሮ "ለጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ይሆናል" ብሎ የሚደመድመው!

ቀዩን ውሃ አሲድ ጠብ እያደረግን ፒኤችኡን (የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲድ ይበዛል) ወደ 3 ስናወርደው የካርበኑ ገጽ ቻርጁ ተቀየረና ቀለሙን በደንብ መያዝ ጀመረ። ግን ጀሪካን ሙሉ ውሃ አሲድ አድርገህ ከዛ መልሰህ ገለልተኛ ማድረግ ለዛ ሰውዬ ወጪ ነው፣ እሱም ጠየቀኝ፣ "ወንድሜ፣ አሲዱን ማን ይገዛልኛል?" አለ። አሁን እየሰራን ያለነው እሱ ላይ ነው፣ ካርበኑን መጀመሪያውኑ ገጹ ፖዘቲቭ እንዲሆን አድርጎ ማዘጋጀት ይቻላል ወይ የሚለው ላይ። አያ ጋ ባለፈው ሄጄ ነበር፣ አገዳዬን ተወው አይደል ብሎ ጠየቀኝ፣ ትቼዋለሁ አልኩት። ሰኞ ገበያ ያለችው እትዬ ደግሞ እንጨቱን አሁን ከቅጠሉ ለይታ በሌላ ማዳበሪያ ታስቀምጥልናለች፣ ሀሙስ ሀሙስ ሄደን እናነሳለን።